የኩባንያ ግብር ሲቀነስ ለእኛ ቤት ምን ይደርሳል?



የመንግሥት በጀት ለክኔሴት በሚቀርብበት ወቅት ሁሉ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ደጋግመን የምንሰማው አንድ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «በኩባንያዎች ላይ የተጣለው ግብር ካልተቀነሰ ፋብሪካዎቹ ወደ ሌላ አገር ይሄዱብናል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ለባለ ሀብት የሚቀነሰው ግብር መልሶ ከድሃው ኪስ ይወጣል» ብሎ ይመልሳል። አዲስ የገባ ቤተሰብ ኡልፓኑ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የቤቱ ጉዳይ ስለሚያስጨንቀው ይህን ክርክር ሲሰማ «ይህ የሚሊዮነሮች ነገር ነው፣ እኛን አይነካንም» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ነገሩ እኛንም ይነካናል። ይህም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በግብር ቅናሽ የሚሳቡት ታላላቅ ፋብሪካዎች በብዛት የሚቋቋሙት ከመሐል አገር ራቅ ባሉ ከተሞች ሲሆን፣ ከእነዚህ እንደ ቂርያት ጋት ባሉት ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ ለኩባንያው የተተወው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዚያ ገንዘብ ለሠፈራችን ምን እንደተረፈ ለመጠየቅ መብት አለን። ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ አበው፣ ከሥሩ እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የኩባንያ ግብር ምንድን ነው?

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በየወሩ ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት) ይቀበላል። በዚያ ወረቀት ላይ ከደመወዙ የተቀነሱ ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ እነዚህም የገቢ ግብር (ማስ ሃኽናሳ)፣ ቢቱዋሕ ሌኡሚና የጤና መድን ክፍያ ናቸው። ይህ ሠራተኛው የሚከፍለው ነው። ኩባንያው ደግሞ ራሱን እንደቻለ ሰው ተቆጥሮ በትርፉ ላይ ግብር ይከፍላል። ይህም በዕብራይስጥ «ማስ ሐቫሮት» ይባላል።

እዚህ ላይ «በትርፉ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ኩባንያ በዓመት የ1,000,000 ሸቀል ዕቃ ሸጠ እንበል። ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለጥሬ ዕቃ፣ ለመብራትና ለኪራይ 900,000 ሸቀል አወጣ። የቀረው 100,000 ሸቀል ትርፍ ነው። የኩባንያ ግብር የሚታሰበው በዚህ በ100,000 ላይ ብቻ ነው። ከ2018 ጀምሮ የእስራኤል የኩባንያ ግብር ከመቶ 23 ስለሆነ፣ ኩባንያው 23,000 ሸቀል ለመንግሥት ይከፍላል ማለት ነው። ያላተረፈ ኩባንያ ይህን ግብር አይከፍልም።

አሁን ደግሞ ይኸው ኩባንያ መንግሥት ቅድሚያ በሰጠው አካባቢ (አዞር ፒቱዋሕ አሌፍ) የሚገኝና ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ፋብሪካ ነው እንበል። ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ካሟላ የሚከፍለው ከመቶ 7.5 ብቻ ነው። ስለዚህ ከ100,000 ሸቀል ትርፉ 7,500 ሸቀል ብቻ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለው የ15,500 ሸቀል ልዩነት ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ይውል የነበረ ገንዘብ ነው። መንግሥት ይህን ገንዘብ የሚተወው ፋብሪካው በዚያ ቦታ እንዲቆምና ሰው እንዲቀጥር ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ስጦታ ሳይሆን ውል ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ግብር ይተዋል፣ ሌላው ሥራ ያመጣል።

ግብሩ ለምን ወረደ? ለምንስ ተመልሶ ወጣ?

ከ1996 እስከ 2003 ድረስ የእስራኤል የኩባንያ ግብር ከመቶ 36 ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል እየተቀነሰ በ2011 ከመቶ 24 ደረሰ። ይህ የሆነው አገሮች ኩባንያዎችን ለመሳብ እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ ስለነበር ነው። በተለይ አየርላንድ ከ2003 ጀምሮ የኩባንያ ግብሯን ከመቶ 12.5 ብቻ አድርጋ ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ወደ አገሯ ሳበች። የመድኃኒት ወይም የኮምፒዩተር ኩባንያ ፋብሪካውን የት እንደሚያቆም ሲመርጥ የግብሩን ልክ ከሌሎች ነገሮች ጋር አስተያይቶ ነው። እስራኤል ደግሞ ትንሽ አገር ናት፤ ገበያዋም ጠባብ ነው። ፋብሪካው ዕቃውን ወደ ውጭ ካልሸጠ ብዙ ማደግ አይችልም። ስለዚህ በ2009 በወጣው ሕግ ግብሩ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2016 ከመቶ 18 እንዲደርስ ታቅዶ ነበር።

በ2011 በጋ ግን በአገሪቱ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ። በመጀመሪያ ሰዎች በኮቴጅ አይብ ዋጋ መወደድ ተቆጡ። ቀጥሎም ወጣቶች በቴል አቪቭ በሮትሽልድ ጎዳና ድንኳን ተክለው የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት በዛብን አሉ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አደባባይ ወጣ። መንግሥት በፕሮፌሰር ማኑኤል ትራኽተንበርግ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ የኩባንያ ግብር ቅነሳው እንዲቆም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣ ሕግ የመቶ 18 እቅድ ተሰረዘ። ግብሩም በ2012 ወደ ከመቶ 25፣ በ2014 ወደ ከመቶ 26.5 ከፍ አለ።

ይህም አልቆየም። በ2016 ከመቶ 25፣ በ2017 ከመቶ 24፣ በ2018 ከመቶ 23 ሆነ። አሜሪካም በ2017 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ የፌዴራል የኩባንያ ግብሯን ከመቶ 35 ወደ ከመቶ 21 በአንድ ጊዜ አወረደችው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የግብሩ ልክ በሁለት ኃይሎች መካከል የሚጎተት ገመድ መሆኑን ነው። በአንድ በኩል የውጭ አገሮች ውድድር ወደ ታች ይስበዋል፤ በሌላ በኩል የመንግሥት ወጪና የሕዝብ ጩኸት ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ለውጭ ገበያ የሚሠራ ፋብሪካ የተለየ ሕግ

ከላይ ያየነው የመቶ 7.5 ግብር የመጣው ከአንድ የቆየ ሕግ ነው። ይህም በ1959 የወጣው የካፒታል ኢንቨስትመንት ማበረታቻ ሕግ ነው (በዕብራይስጥ «ሖክ ዒዱድ ሃሽቃዖት ሆን» ይሉታል)። አገሪቱ ገና ድሃ በነበረችበትና ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከሩማንያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሰዎች በአዳዲስ ከተሞች በሠፈሩበት በዚያ ዘመን ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ባለ ገንዘብ ሰው ፋብሪካውን በቴል አቪቭ ሳይሆን ሥራ በታጣበት ከተማ እንዲያቆም ማድረግ።

ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2011 በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት ቅናሹን የሚያገኘው ፋብሪካ በዓለም ገበያ ሊወዳደር የሚችል መሆን አለበት። ለዚህም ዋናው መለኪያ ከሽያጩ ቢያንስ ሩቡ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ወዳለው የውጭ ገበያ መሄዱ ነው። ስለዚህ የሠፈር ማኮሌት፣ ጋራዥ ወይም ጸጉር ቤት ከመቶ 7.5 ሊከፍል አይችልም፤ ምንም እንኳ ሰው ቢቀጥርና በዚያው ከተማ ቢኖርም። እጅግ ታላላቅ የሆኑት ፋብሪካዎች ደግሞ ብዙ ገንዘብ ለማፍሰስ ወይም ብዙ ሰው ለመቅጠር ሲስማሙ እስከ ከመቶ 5 ድረስ ዝቅ ያለ ግብር የሚከፍሉበት መንገድ ተከፍቷል። ብዙ ሰው «ትንሹ ነጋዴ ከትልቁ የበለጠ ግብር ይከፍላል» ብሎ የሚያማርረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ኮምፒዩተር

ይህ ሕግ በሠፈር ደረጃ ምን እንዳመጣ ለማየት ቂርያት ጋትን እንመልከት። ከተማዋ በ1950ዎቹ ለአዲስ ገቢዎች የተቆረቆረች ናት። ለብዙ ዓመታት ታላቋ የሥራ በር ፖልጋት የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በዚያን ዘመን በመንግሥት ድጋፍ እንዲህ ያሉ የሽመናና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በሌሎችም የልማት ከተሞች ተከፍተው ነበር።

በ1991፣ ማለትም ከ14,000 በላይ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ በገቡበት በዚያው ዓመት፣ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የነበረውን ከፍተኛ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀመረ። ከእስያ የሚመጣ ርካሽ ልብስ ገበያውን ሞላው። ከዮርዳኖስ ጋር በ1994 ሰላም ከተደረገ በኋላም ብዙ የልብስ ኩባንያዎች ስፌቱን የሠራተኛ ደመወዝ አነስተኛ ወደሆነባቸው ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ አሻገሩት። ልብስ ሰፍተው ቤተሰብ ያስተዳድሩ የነበሩ ብዙ ሴቶች ከሥራ ወጡ። ፖልጋትም በኋላ ተዘጋ። የግብር ቅናሹና ድጎማው ፋብሪካዎቹን ለብዙ ዓመታት ረድቷል፤ የሠራተኛው ደመወዝ በሌላ አገር በብዙ እጥፍ ሲያንስ ግን የግብር ቅናሽ ብቻውን ሊያቆማቸው አልቻለም።

በፋብሪካዎቹ ፈንታ የመጣው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1974 በሐይፋ ሥራ ጀምሮ፣ በ1985 በኢየሩሳሌም ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በቂርያት ጋት የኮምፒዩተር ቺፕ ፋብሪካ ለማቆም ሲነጋገር፣ መንግሥት ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እርዳታ (ማዓናቅ) ሰጠው። ፋብሪካው በ1999 ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛውም በ2008 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ኢንቴል በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ላኪዎች አንዱ ሆኗል። በ2023 በመላው እስራኤል የነበሩት ሠራተኞቹ ከ11,000 በላይ ነበሩ።

በታኅሣሥ 2023 መንግሥት ከኢንቴል ጋር ሌላ ታላቅ ስምምነት ይፋ አደረገ። ኩባንያው በቂርያት ጋት 25 ቢሊዮን ዶላር ሊያፈስ፣ መንግሥት ደግሞ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ሊረዳው ተስማሙ፤ ይህም ከወጪው ከመቶ 12.8 ያህል ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ዜና ኩባንያው ከመቶ 5 ይከፍለው የነበረውን ግብር ወደ ከመቶ 7.5 ከፍ ሊያደርግ፣ ከእስራኤል አቅራቢዎችም በአሥር ዓመት ውስጥ የ60 ቢሊዮን ሸቀል ዕቃና አገልግሎት ሊገዛ ቃል መግባቱ ተገልጿል። ሆኖም በሰኔ 2024 የማስፋፊያው ሥራ መቆሙ ተዘገበ። በነሐሴም ኩባንያው በዓለም ዙሪያ ከ15,000 በላይ ሠራተኞችን ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። ይህ በእስራኤል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የጀርመን መንግሥት በማግደቡርግ ከተማ ለሚሠራ የኢንቴል ፋብሪካ ወደ 10 ቢሊዮን ዩሮ ሊረዳ በ2023 ተስማምቶ ነበር፤ ኩባንያው ግን በ2024 አዘገየው፣ በ2025ም ጨርሶ ሰረዘው። የኩባንያው ገበያ ሲቀዘቅዝ ይህን ያህል ገንዘብ እንኳ አላቆየውም።

የቴቫ ፋብሪካዎች

ሁለተኛው ምሳሌ የራሷ የእስራኤል ኩባንያ የሆነው የመድኃኒት ፋብሪካ ቴቫ ነው። በቀድሞው የማበረታቻ ሕግ፣ ቅድሚያ በተሰጣቸው አካባቢዎች ያለ ፋብሪካ ትርፉን ለባለ አክሲዮኖች እስካላከፋፈለ ድረስ ለተወሰኑ ዓመታት ከኩባንያ ግብር ነጻ የሚሆንበት መንገድ ነበር። ቴቫ ከዚህ ሕግ እጅግ ከተጠቀሙት ኩባንያዎች አንዱ ነው። ኩባንያው አደገ፣ ብዙ ሰው ቀጠረ፣ የአገሪቱ ኩራት ተባለ።

በ2016 ቴቫ የአንድ ሌላ ኩባንያን የመድኃኒት ክፍል በ40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛና ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። በታኅሣሥ 2017 በዓለም ዙሪያ 14,000 ሠራተኞች እንደሚያሰናብት፣ ከእነዚህም ወደ 1,700 የሚሆኑት በእስራኤል እንደሆኑ አስታወቀ። በኢየሩሳሌም ያሉት ፋብሪካዎችም እንደሚዘጉ ተነገረ። ሂስታድሩት የግማሽ ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ሠራተኞች መንገድ ዘጉ። ያን ጊዜ በክኔሴትም በየመንገዱም የተነሣው ጥያቄ «ያን ያህል ግብር የተተወለት ኩባንያ እንዴት ሠራተኛውን በትኖ ይሄዳል?» የሚል ነበር። መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። ሕጉ ቅናሹን ሲሰጥ ሠራተኛው በቋሚነት እንዲቆይ አላስገደደም። «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። ክምሩ ሳይናድ በፊት ውሉ ምን እንደሚል መጠየቅ ደግሞ የበለጠ ብልህነት ነው።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጡ ወገኖቻችንም ይህን ነገር ከዚያው ያውቁታል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ኩባንያዎች የግብር እፎይታ ተሰጥቶበት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ልብስ ሲሰፉበት ቆይቷል። ፋብሪካዎቹን የሳባቸው ግን የግብር እፎይታው ብቻ አልነበረም፤ አጎአ በተባለው ሕግ ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ይህ ዕድል ከጥር 2022 ጀምሮ ሲቋረጥ የግብሩ እፎይታ በቦታው እያለ ሥራው ተዳከመ፤ ለቀው የሄዱም ኩባንያዎች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ለሠራተኛዋ የቀረላት በእጇ የገባው ሙያ ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ የመቶ 15 ስምምነት

አገሮች ግብር በመቀነስ ሲሽቀዳደሙ ሁሉም እየተጎዱ መሄዳቸውን ስላዩ፣ በጥቅምት 2021 ከ130 በላይ አገሮች በአንድ ነገር ተስማሙ። በዓመት ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ ያለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ በሚሠራበት በእያንዳንዱ አገር ቢያንስ ከመቶ 15 ግብር እንዲከፍል ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ታላቅ ኩባንያ በአንድ አገር ከመቶ 5 ብቻ ከከፈለ፣ ዋናው መሥሪያ ቤቱ ያለበት አገር የጎደለውን ከመቶ 10 ሊያስከፍለው ይችላል። እንግዲህ ቅናሽ የሰጠው አገር ለኩባንያው ሳይሆን ለሌላ አገር ግምጃ ቤት ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው። ይህ ከሆነ «ጎደሎውን ራሳችን ብንሰበስበው ይሻላል» ማለት ይመጣል። አየርላንድ ራሷ ከ2024 ጀምሮ ለታላላቅ ኩባንያዎች ግብሩን ከመቶ 15 አደረገች። የእስራኤል የገንዘብ ሚኒስቴርም ይህን ጎደሎ ከ2026 ጀምሮ ለመሰብሰብ መወሰኑን በ2024 አስታወቀ።

በዚህ መካከል አሜሪካ ከስምምነቱ አፈገፈገች። በጥር 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስምምነቱ በአገራቸው ምንም ኃይል እንደሌለው አወጁ፤ በሰኔም ሰባቱ የበለጸጉ አገሮች የአሜሪካ ኩባንያዎች ከዋና ዋናዎቹ ደንቦች ውጭ እንዲሆኑ መግባባት ላይ ደረሱ። ያም ሆነ ይህ፣ ስምምነቱ በጸናበት ቦታ ሁሉ አንድ አገር በግብር ቅናሽ ብቻ ፋብሪካ የሚስብበት መንገድ እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህ አገሮች ፊታቸውን ወደ ገንዘብ እርዳታ፣ ወደ ጥሩ መንገድ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ወደ ሠለጠነ ሠራተኛ ማዞር ጀምረዋል። ይህ ለእኛ ልጆች ቀላል ነገር አይደለም። ውድድሩ በሠራተኛ ችሎታ ከሆነ፣ ሒሳብና ዕብራይስጥ አጥንቶ የቴክኒክ ሙያ የያዘ የቂርያት ጋት ልጅ ራሱ ፋብሪካ የሚስብ ሀብት ነው።

የተተወውን ግብር ማን ይሞላል?

መንግሥት ከኩባንያ ያልሰበሰበውን ከሌላ ቦታ መሰብሰብ ወይም ወጪውን መቀነስ አለበት። ሁላችንም የምንከፍለው ግብር ማዓም ነው። ማዓም ዳቦ፣ ዘይት፣ ጫማና ስልክ ስንገዛ በዋጋው ውስጥ ተጨምሮ የምንከፍለው ሲሆን፣ ከትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ግን አይወሰድም። በጥር 2025 ማዓም ከመቶ 17 ወደ ከመቶ 18 ከፍ ብሏል፤ ዋናው ምክንያት የጦርነቱ ወጪ ነበር። የኩባንያ ግብር ግን በዚያው በከመቶ 23 ቆይቷል። ማዓም ሀብታሙንም ድሃውንም በእኩል ልክ ስለሚያስከፍል፣ ገቢውን ሁሉ ለቀለብ የሚያወጣ ቤተሰብ ይበልጥ ይከብደዋል።

በሌላ በኩል ፋብሪካ ባይመጣስ? ከመቶ 23 የሚከፍል የሌለ ፋብሪካ ከሚኖር፣ ከመቶ 7.5 የሚከፍል ያለ ፋብሪካ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ፋብሪካው ደመወዝ ይከፍላል፤ ደመወዝተኛው የገቢ ግብር ይከፍላል፤ ፋብሪካው ለከተማው አስተዳደር አርኖና ይከፍላል፤ ምግብ አቅራቢው፣ ሾፌሩና ቧንቧ ሠራተኛው ገቢ ያገኛሉ። የሚያሰጋው ነገር ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሥራ ከመሐል አገር በባቡር ለሚመጣ መሐንዲስ ይሰጥና ለከተማው ነዋሪ የሚተርፈው ጽዳቱ፣ ጥበቃውና ወጥ ቤቱ ይሆናል፤ ይህም በቅብላን (በኮንትራክተር) በኩል። እነዚህ ሥራዎች ክብር ያላቸው ናቸው። ሆኖም ለከተማው ሥራ ለማምጣት ተብሎ የሕዝብ ገንዘብ ከተሰጠ፣ የከተማው ልጅ ወደ ማሽኑም እንዲደርስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታዲያ አንድ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

አንደኛ፣ ትሉሹን ይመልከቱ። በላዩ የተጻፈው የአሠሪ ስም የፋብሪካው ነው ወይስ የሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት (ሔቭራት ኮሕ አዳም)? በሕጉ መሠረት በሠራተኛ አቅራቢ በኩል ገብቶ በአንድ ቦታ ዘጠኝ ወር ያለማቋረጥ የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ የፋብሪካው የራሱ ሠራተኛ ተብሎ ይቆጠራል። የጽዳትና የጥበቃ አገልግሎት ኮንትራት ግን በዚህ ደንብ አይሸፈንም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «የምቀጠረው በማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሙያ ያስቀድሙ። ሁለት ሥራ ቀርቦልዎት ደመወዙ ብዙም የማይለያይ ከሆነ፣ የሙያ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት የሚሰጠውን ይምረጡ። ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ምስክር ወረቀቱ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ለእርስዎ የተፈቀደውን የግብር ቅናሽ አይተዉት። ቅናሽ ለኩባንያ ብቻ አልተፈቀደም። የአዲስ ገቢ መታወቂያ (ተዑዳት ዖሌ) ያለው ሠራተኛ ተጨማሪ የቅናሽ ነጥብ (ነኩዳት ዚኩይ) ያገኛል፤ ከ2022 ወዲህ ለገቡት ጊዜው 54 ወር ነው። የነጥቡ መጠን በየጊዜው ይለያያል። የአንድ ሙሉ ነጥብ ዋጋ በ2025 በወር 242 ሸቀል ነበር። ለልጆችም የሚሰጥ ነጥብ አለ። ይህ የሚገኘው ሥራ ሲጀምሩና በየዓመቱ መጀመሪያ በሚሞላው ቅጽ 101 (ቶፌስ 101) ላይ ሲያመለክቱ ነው። ቅጹን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ዕብራይስጡ ከከበደዎት የሚያነብልዎት ሰው ይያዙ።

አራተኛ፣ ንግድ ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች «የኩባንያ ግብር ከመቶ 23 ብቻ ነው» በሚል ወሬ ተቻኩለው ኩባንያ (ሔቭራ ባዓም) አይክፈቱ። ኩባንያው ከ100,000 ሸቀል ትርፍ 23,000 ከከፈለ በኋላ፣ ባለቤቱ ቀሪውን 77,000 ወደ ራሱ ኪስ ሲወስድ አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ ከመቶ 30 ይከፍላል። ይህም 23,100 ሸቀል ነው፤ በእጁ የሚቀረው 53,900 ይሆናል። የኩባንያ ሒሳብ አያያዝም ወጪው ብዙ ነው። በትንሹ ለሚጀምር ሰው ዖሴቅ ፓቱር ወይም ዖሴቅ ሙርሼ ሆኖ መመዝገብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በ2025 የዖሴቅ ፓቱር የዓመት ሽያጭ ጣሪያ 120,000 ሸቀል ነበር። ከመመዝገብዎ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።

አምስተኛ፣ በኅብረት ይጠይቁ። ወደ ከተማዎ ታላቅ ፋብሪካ ሊመጣ ነው ሲባል ለከንቲባው፣ ለከተማው ምክር ቤት አባላትና ለክኔሴት ተወካዮች ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። መንግሥት ምን ያህል ገንዘብ ሰጠ? ስንት የከተማው ነዋሪ ይቀጠራል? በቀጥታ ነው ወይስ በቅብላን? ለወጣቶች ሥልጠና ተዘጋጅቷል? ኩባንያው ቃሉን ባይጠብቅ የተሰጠው ገንዘብ ይመለሳል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ሲጠይቅ ላይሰማ ይችላል። የወላጆች ኮሚቴ፣ የሠፈር ማኅበርና የሠራተኞች ኮሚቴ አብረው ሲጠይቁ ግን መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ይከብዳል።

የግብሩን ልክ የሚወስኑት በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም የሩቅ ከተሞች ያሉ ሰዎች ናቸው። ግብሩ ነገም ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። በሠፈራችን የቆመው ፋብሪካ ግን ለእኛ ልጆች ምን ዓይነት በር እንደሚከፍት መከታተል የእኛው ሥራ ነው። ሥራ በመፈለግ ላይ ላላችሁ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቹና ጎረቤቶቹ ቢያነብላቸው ደስ ይለናል።